በሁዳዴ ማን ይድራል?

ጽናት በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ ወሬው ቀጥ አለ።

አክስቷ እትዬ ዘነበች፣ ጎረቤቷ ጥሩሸዋና ሌሎች ሁለት የዕድር ሴቶች ጓዳው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። በመካከላቸው ጥቀርሻ የጠገቡ ትልልቅ ብረት ድስቶች መሬት ላይ ተደርድረዋል። አንደኛዋ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች። ጥሩሸዋ ደግሞ፣ በዚያ በመሐል ሜዳ ከተማ የጠዋት ቁር፣ ላብ ያጠመቃት ይመስል ግንባሯን ጠራረገች።

«ነቃሽ እንዴ የኔ ልጅ?» አለች እትዬ ዘነበች።

ጽናት ከነቃች ቆይታለች። ፊቷን ታጥባ፣ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ግቢው ውስጥ ቆማ በሐሳቧ ፈረስና ወታደር ስታንቀሳቅስ ነበር። ዛሬ የቼዝ ውድድሩ የመጨረሻ ዙር ነው።

«ይሄ ሁሉ ድስት ምንድነው እትዬ?»

«ምን... ሰርግ አለ። የጎረቤት ሰርግ።»

ጥሩሸዋን ሳል ያዛት። ሌሎቹ ሴቶች መሬት መሬት አዩ።

ውሸት ሲቸኩል እንግዲህ እንዲህ ነው። ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። በሁዳዴ ልጁን የሚድር የመንዝ ሰው ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም ሙሽሮቹን የሚባርክለት ቄስ አያገኝም። ይህን እንኳን ጽናት፣ አፉን በቅጡ ያልፈታ ሕፃንም ያውቀዋል። እትዬ ዘነበችም የተናገረችው ነገር ከአፏ እንደወጣ ገባትና በድንጋጤ ወደ ጓዳ ዞረች።

«ነይ እስቲ ቅመሺ» አለች ቶሎ ብላ። ትኩስ የገብስ ቂጣ በተልባ አቀረበችላት።

ይሄ ደግሞ ከሰርጉ የባሰ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነው። እትዬ ዘነበች በጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንኳን እህል ውሃም የማታስቀምስ ሴት ናት፤ ውድድሩ ከተጀመረ ጀምሮ ጽናትን በባዶ ሆዷ ነው ስትሸኛት የከረመችው። ዛሬ ግን ጭንቅላቷን ዳበሰቻት።

«ብዪ። ልጅ ነሽ፤ እግዜር ይቅር ይላል» አለችና ፊቷን አዞረች።

ቂጣው ጽናት አፍ ውስጥ ጭድ ሆነ። የታሰባት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው መርዶ ከመስማቱ በፊት እህል እንዲቀምስ ይደረጋል። ከሰማ በኋላማ አይወርድለትም።

አባቷ ገብረየሱስ ታሟል። ባለፈው ሳምንት ሆዱን ይዞ ሲያቃስት አድሮ፣ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ አድርሶት፣ ከእናቷ ጋር ደብረ ብርሃን ሄዶ ሆስፒታል ገብቷል። ጽናት ውድድሩ ይቅርብኝ፣ አብሬ ልሂድ ብላ ነበር። ቃሬዛው ላይ ተጋድሞ የገሠጻት ራሱ አባቷ ነው። «ሐኪሙ እኔን ያክማል፤ አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ ምን ታክሚኛለሽ? ሂጂ ተጫወቺ» አላት። ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማችም። ሞባይል ገና መንዝ አልደረሰም፤ ወሬ የሚመጣው ወይ በቴሌው ስልክ ነው፣ ወይ በሰው አፍ።

ክፉ ወሬ ቢመጣ ደግሞ ማንም እንደማይነግራት ታውቃለች። መርዶ እንደ ሌላ ወሬ መንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ አገር ምድሩ እያወቀ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ሲስቅ ይውላል፣ በልቶ ይተኛል፤ ሰው ከጀርባው ከንፈሩን ይመጥለታል።

ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ብትጠይቅና እትዬ ዘነበች ዝም ብትልስ? ካልጠየቀች አባቷ ገና አልሞተም። የተረፈውን ቂጣ መሶቡ ላይ አስቀምጣ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ወጣች። ከኋላዋ ወሬው ወዲያው ሲቀጥል ሰማች።

ውድድሩ የሚካሄደው ከተማው ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት፣ ዘንድሮ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በገባለት ሰፊ ክፍል ነው። ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ሁሉ የመጡ ተማሪዎች ሳምንቱን ሲፋለሙ ሰንብተው፣ ነጥብ ያነሳቸው አንድ በአንድ ተንጠባጥበዋል። አንደኛ የወጣው ብቻ ባሕር ዳር ሄዶ በክልሉ ውድድር ይሳተፋል። ጽናት ከመንዝ ወጥታ አታውቅም። ቼዝ ከጀመረችም ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ የተማረችው አገሯ ዘመሮ፣ ትምህርት ቤታቸው ባለው አንድ ለእናቱ በሆነ ቼዝ ነው። የዚያ ቼዝ አንደኛው ግንብ ጠፍቶ በእሱ ፈንታ ባትሪ ድንጋይ ይቆማል። እዚህ መጥታ ምንም ያልጎደለው መጫወቻና ባለሁለት ፊት ሰዓት ስታይ አፏን ከፍታ ቀረች። የደብረ ብርሃን ልጆች «ፋራ!» ብለው ሳቁባት። ረቡዕ ዕለት ከሳቁት ሁለቱን አሸንፋ ወደ አገራቸው ሸኘቻቸውና ሳቁም አብሮ ተሳፈረ።

አሠልጣኟ መምህር ኃይለመስቀል የሒሳብ መምህር ናቸው። የቼዝ ትምህርታቸው ሲጨመቅ አንድ አባባል ነው፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር!» ተጋጣሚሽ ወታደር በነጻ ከሰጠሽ ለምን በዪ፤ ንግሥቱን ካራቀ ለምን በዪ። ጽናት ይህን ሰምታ ሰምታ አሁን አሁን ከሰሌዳው ውጭም ቢሆን ሰው ዝም ብሎ የሚንቀሳቀስ አይመስላትም።

መምህሩ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። እንደ ልማዳቸው «ዘገየሽ!» ብለው አልጮኹም።

«ደህና አደርሽ የኔ ልጅ?»

የኔ ልጅ! በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለዋት አያውቁም። ዛሬ አገሩ ሁሉ ምን ነክቶት ነው ልጄ ልጄ የሚላት?

«ደህና ነኝ ቲቸር።»

«ስሚ...» መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድምአገኝ አቻ ቢጠይቅሽ ተቀበዪ።»

ጽናት ጆሮዋን ማመን አቃታት። ወንድምአገኝ የዛሬው ተጋጣሚዋ ነው፤ ከቀየት የመጣ፣ ሲያስብ ከንፈሩን የሚያኝክ ቀጭን ልጅ። በግማሽ ነጥብ ይበልጣታል። አቻ ከወጡ ባሕር ዳር የሚሄደው እሱ ነው። ይህችን ሒሳብ ደግሞ የሒሳብ መምህር አይስታትም።

«አቻ ከወጣን እኮ እሱ ነው የሚያልፈው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«በቃ... ሁልጊዜ ማሸነፍ ብቻ አይደለም።» ዓይናቸው ከእሷ ሸሸ።

ዓይናቸውን ተከትላ ዞር አለች። ግቢው ጥግ የወረዳው ላንድክሩዘር ቆሟል፤ ሾፌሩ እየዞረ ጎማ ያያል። ከመኪናው አጠገብ ጋቢ የተከናነቡ ሰው አሉ። ጋሽ አባይነህ ናቸው፣ ከእትዬ ዘነበች ጋር አጥር የሚጋሩት። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል። ጽናትን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ።

ድስቱ፣ ቂጣው፣ የኔ ልጅ መባሉ፣ መኪናው። ቼዝ ላይ አንድ ነገር ብቻውን ቢንቀሳቀስ ድንገት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲንቀሳቀስ ግን እየመጡብህ ነው። መኪናው የቆመው ለእሷ ነው። አቻ ተቀበዪ ማለትም ቶሎ ጨርሺና እንውሰድሽ ማለት ነው። ማንም ሌላ ቃል ሳይጨምርባት ሰሌዳው ጋ ለመድረስ ቸኮለች። እዚያ ማውራት ክልክል ነው።

ወንድምአገኝ ቀድሟት ተቀምጧል። ሲያያት ጥርሱን ብልጭ አደረገ።

«ሻምፒዮን! ዛሬስ ተበላሽ።»

አልመለሰችለትም። ቢያንስ እሱ አልሰማም አለች በልቧ። ሰምቶ ቢሆን ኖሮ አያሾፍባትም፤ እንደ ሌሎቹ ለስለስ ይልባት ነበር። በዚያች ጠዋት ተንኮል የሌለበት ፊት ያየችው የተጋጣሚዋን ብቻ መሆኑ ገረማት።

ዳኛው መርስዔ ኃዘን ሰዓቱን አስጀመሩ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ተኩል ነው የተሰጣቸው። እሳቸው በጨዋታ ላይ ትንፍሽ ያለን የማይምሩ ሰው ናቸው፤ ረቡዕ ዕለት አንዱ ልጅ ተነሥቶ አሠልጣኙን ስላናገረ ብቻ ጨዋታውን ተነጥቋል።

ጽናት ቀስ ብላ መጫወት ጀመረች። በልማዷ ፈጣን ናት፤ ዛሬ ግን አንዲት ወታደር ለማንሳት ስታስብ፣ ደግማ ስታስብ፣ ሦስተኛ ስታስብ ቆየች። ጨዋታው እስካላለቀ ድረስ ማንም ክንዷን ይዞ ወደ መኪናው አይወስዳትም። ሰሌዳው ላይ ወታደር ባለ ቁጥር፣ ፈረስ ባለ ቁጥር፣ አባቷ ደብረ ብርሃን አልጋው ላይ ተቀምጦ ይተነፍሳል። እንዲህ ማሰብ ቂልነት መሆኑን ታውቃለች። ግን ለመተው አልቻለችም።

የሚገርመው፣ እንደዚያች ቀን አጥርታ አይታ አታውቅም። ፍርሃት ዓይኗን ከፍቶላታል። ንግሥቷ በስተቀኝ በኩል ወጣች፤ ግንቧም ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ወንድምአገኝ ፈገግታው ጠፍቶ ከንፈሩን ማኘክ ጀመረ። ንጉሡን የሚከላከልለት አንድ ፈረስ ብቻ ሆነ።

«አቻ?» አለ በሹክሹክታ፣ እጁን ዘርግቶ።

ጽናት ቀና አለች። መምህር ኃይለመስቀል ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አንገታቸውን በትንሹ ነቀነቁላት፤ ተቀበዪ።

«አይሆንም» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ዳኛው ቀና ብለው አዩዋት። መርስዔ ኃዘን በጨዋታ መሀል ድምፅ ሰምተው ዝም አሉ!

በዚህ መሀል ጋሽ አባይነህ ገቡ። በሩ አጠገብ ጥጋቸውን ይዘው ቆሙ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጽናት ከዚህ በላይ መቻል አቃታት። አለማወቁ ከማወቁ እኩል ከበዳት። ተራው የወንድምአገኝ ነበር፤ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች፣ ሰው ሁሉ እያያት በቀጥታ ወደ መምህሯ ሄደች። ዳኛው አዩዋትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ቲቸር፣ አባቴ ሞቷል?»

መምህሩ ክው አሉ። «ምን? ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። አይቼ ነው።»

«ኧረ አባትሽ ደህና ነው! ዛሬ ማለዳ ቴሌ ሄጄ ሆስፒታሉ ጋ ደውዬ ነበር። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቋል፤ አጥሚት ጠጥቷል። ልነግርሽ ብዬ... ሌላ ነገር መጣና ከጭንቅላቴ ጠፋ።»

«ይማሉልኝ።»

«ጽናት!»

«ይማሉልኝ ቲቸር።»

መርዶ የሚደብቅ ሰው ይዋሻል እንጂ አይምልም፤ በሁዳዴማ ጭራሽ።

«ማርያምን!» አሉ መምህሩ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ። «ዋሽቼሽ ከሆነ ለፋሲካ አያድርሰኝ።»

ጽናት ግድግዳውን ያዘች። ደስታው እንባ ሆኖ ወጣ። አባቷ አጥሚት ጠጥቷል። አጥሚት እኮ አይወድም፤ ፊቱን አጨማዶ ሲጠጣ ታያት። ሳቋ ሊመጣ ሲል ያላለቀ ነገር ትዝ አላት።

«ታዲያ ድስቱ ለማነው? መኪናውስ?»

መምህሩ ቀና አሉ። በትከሻዋ በላይ አሻግረው አዩ።

ዞር አለች። ጋሽ አባይነህ የሚያዩት እሷን አልነበረም። ዳኛውም ከመስኮቱ ተመልሰው የሚያዩት እሷን አይደለም። ጠዋቱን ሙሉ እሷ ላይ የተተከሉ የመሰሏት ዓይኖች ሁሉ፣ አሁን እሷ ከወንበሯ ተነሥታም፣ ከዚያው ከሰሌዳው ላይ አልተነሡም። ወንድምአገኝ ብቻውን አቀርቅሮ ከንፈሩን ያኝካል።

«እናቱ ናቸው» አሉ መምህሩ በለሆሳስ። «በድንገት። ቀብራቸውም ትናንት ተፈጽሟል። ጋሽ አባይነህ ወንድማቸው ናቸው፤ ወሬው የደረሳቸው ሌሊት ነው። እዚህም እሳቸው ቤት ለቅሶ ይቀመጣል፣ ዕድሩ የሚዘጋጀው ለዚያ ነው፤ ወሬው እሱ ጋ እንዳይደርስ ነው ከአንቺም የደበቁት። ጨዋታው እንዳለቀ ልጁን ቀየት ይወስዱትና ጎህ ሲቀድ አባቱ ባሉበት ይነገረዋል።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ይጫወት ተባለ። ለዚህ ውድድር ስንቁን ቋጥረው የላኩት እናቱ ነበሩ አሉ፤ ይጨርስ ብለው አጎቱ ለመኑ።» መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አቻ ያልኩሽ... አንጀቴ አልችል ብሎ ነው። ልልሽ አይገባም ነበር። ጨዋታው ያንቺ ነው፤ እንዳሻሽ አድርጊ። ብቻ እንዳትነግሪው። መርዶ በወገን ነው የሚነገረው።»

ጽናት ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አባቷ በመዳኑ ደስ ብሏታል፤ ደስታው ደግሞ አሳፈራት። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የማን እንደሆነ ያላወቀችው ለቅሶ የእሷ ባለመሆኑ እግዚአብሔርን አመስግናለች። ያ ለቅሶ ግን አልጠፋም፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከእሷ ፊት ለፊት፣ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ስትቀመጥ የእሷ ሰዓት ይቆጥራል። ወንድምአገኝ ተጫውቶ ሰዓቱን ተጭኗል። ሰሌዳውን አየች። ፈረሱን አንስቶ ሜዳ ላይ የቀረች አንዲት ወታደሯን በልቶበታል። ንጉሡን የሚጠብቀውን ያን አንድ ፈረስ!

ለምን? አለች በልማዷ። ወጥመድ ፈለገች፤ አጣች። ተሳስቶ ነው። ንግሥቷን ከንጉሡ ፊት ያለችው ወታደር ላይ ብታሳርፋት፣ ግንቡ ከኋላ ይደግፋታል፣ ንጉሡም መውጫ የለውም። አንድ እንቅስቃሴ ብቻ። ማት። ባሕር ዳር።

እጇ ከጠረጴዛው ተነሣ።

«ምን ሸረባችሁ?» አለ ወንድምአገኝ በሹክሹክታ። ዓይኑ ጠቧል። «አየሁሽ እኮ። ከቲቸርሽ ጋር ተመካከርሽ አይደል? ሼም ነው!»

«ስለ ጨዋታው አይደለም። አባቴ ሆስፒታል ነው፤ እሱን ነው የጠየቅኳቸው።»

«እንዴ! ይቅርታ...» ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። «እና እንዴት ሆነ?»

«ድኗል።»

«እሰይ! ተመስገን ነው!» ከልቡ ነው ያለው። ቶሎ ብሎ ዳኛውን በጎን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለዚህ ነዋ ስትረበሺ የነበረው። እኔማ ዛሬ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ሆኖብኝ ነበር። ያረፍንበት ቤት ሴትዮ በዓርብ ቁርስ አበሉኝ፣ ታምኛለሽ? እማዬ ብትሰማ ጉድ ታፈላለች። አጎቴም መጥተዋል፤ ያውልሽ በሩ ጋ። ስጫወት ሊያዩኝ ነው። አንድም ቀን ቼዝ ይወዱ አይመስለኝም ነበር።»

ጽናት እጇ አየር ላይ እንደቀረ ታወቃት። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ምንም። ብርድ ነው።»

«እኔ ምልሽ...» ወንድምአገኝ ፈገግታውን ትንሽ ሰብሰብ አደረገ። «የሆነ ነገር አለ እንዴ? ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው።»

«የመጨረሻው ዙር እኮ ነው» አለች ጽናት። «የሚያዩት ጨዋታውን ነው።»

ዋሸችው። ቀለል አድርጋ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ ዋሸችው፤ እትዬ ዘነበችም ጠዋት እንዲህ ብትችል ኖሮ ስንት ነገር ይቀር ነበር። ወንድምአገኝ አመናት። ትከሻው ላላ ሲል አየች፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ጠዋት የጠላቻቸው ሴቶች ሁሉ ምን ተሸክመው እንደቆሙ ገባት፤ እትዬ ዘነበች ቂጣውን ያቀረበችላትም በእሱ ያዘነ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው።

አሁን ማት ብትለው ምን ይሆናል? ጨብጠውት፣ አጨብጭበውለት፣ ወዲያው መኪና ውስጥ ያስገቡታል። ግራና ቀኙ ሰው ይቀመጣል። ማንም አያወራም። ወንድምአገኝ ቼዝ ተጫዋች ነው፤ ቁርሱን፣ አጎቱን፣ መኪናውን፣ ዝምታውን አንድ ላይ ለመደመር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከከተማው ሳይወጡ ያውቀዋል። ያን ጥርጣሬ ጽናት ዛሬ ጠዋት ቀምሳዋለች፤ ቢያንስ የእሷ ውሸት ሆኖ ቀረላት።

አቻ ብትሰጠውስ? ሁለቱም የተጫወቱትን ሁሉ በወረቀት እየጻፉ ነው፤ ደንቡ ነው። አንድ ቀን፣ ለቅሶው ሲበርድለት፣ ወረቀቱን አውጥቶ መጫወቻውን ይደረድርና እዚህች ቦታ ላይ ይደርሳል። ማቱን ያያል። ያን ጊዜ አዝነውልኝ ነው ይላል፤ ባሕር ዳር ድረስ የሄደበት ነገር ሁሉ ይረክስበታል። ከነገ ጀምሮ ከንፈር የሚመጥለት አያጣም። ፊት ለፊት ተቀምጦ በሐቅ የሚገጥመው ሰው ግን ይተርፈው እንደሆነ አታውቅም።

ታሸንፈዋለች። ይህን ወሰነች። ባሕር ዳርንም ትፈልጋለች፤ መፈለጓን ለራሷም አልደበቀችም።

ሰዓቱን አየች። በእሷ በኩል ሃያ ደቂቃ ያህል ቀርቷታል። የራሷ ናት፣ ማንም ዳኛ ተጫወቺ ብሎ አያስገድዳትም። ለማቱ የመጨረሻዋ ደቂቃ ትበቃዋለች፤ እስከዚያ የወንድምአገኝ እናት አልሞቱም። እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

ጊዜው ሄደ። ወንድምአገኝ ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ሰሌዳውን አየ። ይህን ያህል የምታስበው ጨንቋት ነው ብሎ ሳይገምት አልቀረም፤ ከንፈሩን ማኘኩን ተወ።

«ጽናት፣ ተራሽ ነው» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። እያሰብኩ ነው።»

«ሰዓትሽ እያለቀ ነው እኮ።»

«ይለቅ» አለች። «የኔ ነው።»

ወንድምአገኝ እንደፈለግሽ በሚል ዓይነት እጁን ዘረጋ። ከዚያ ወንበሩን ደገፍ ብሎ፣ በሩ አጠገብ ወደቆሙት አጎቱ ዞሮ ፈገግ አለ።